አንድ መስክ የጋጡ ላምና ፈረስ፦ የተበላ ስብ ደም ውስጥ ሲገባ

እንደምን ዋላችሁ። ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። እዚህ የእንስሳት ሳይንስ ተማሪዎች አላችሁ፤ የወተት ላም የምታረቡ አላችሁ፤ ዶሮ የያዛችሁም አላችሁ። ስለዚህ የቤተ ሙከራውን ቋንቋ በተቻለኝ መጠን ቀለል አደርገዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እስቲ አንድ ላምና አንድ ፈረስ አንድ መስክ ላይ እናሰማራ። ያው ሣር፣ ያው ውሃ፣ ያው ወራት። ከዚያ የሁለቱን ስብ እንመርምር። የፈረሱ ስብ ለስላሳ ነው፤ ከሣሩ የመጣ ኦሜጋ-3 በብዛት አለበት። የላሟ ሞራ ደግሞ ድርቅ ያለ ነው፤ ኦሜጋ-3ው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የጋጡት አንድ ነው። ደማቸው ተሸክሞት የሄደው ግን የተለያየ ነው።

ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ከዚህ ይነሳል። አንድ ስብ ደም ውስጥ ምን እንደሚሆን የሚወስነው ስቡ ብቻ አይደለም። የበላው እንስሳ አንጀትና ጉበትም ይወስናሉ። "ይህ ዘይት በእንስሳት ላይ ተሞክሮ እንዲህ አደረገ" የሚል ዜና በየቀኑ እናያለን። የትኛው እንስሳ እንደሆነ ካልተነገረን ግን ዜናው ግማሽ ነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው ሰዎች በእንደዚህ ዓይነት ግማሽ ዜና የሚያበስሉበትን ዘይትም፣ ለከብታቸው የሚገዙትን መኖም ስለሚቀይሩ ነው።

ትንሽ ኬሚስትሪ ያስፈልገናል፤ ቶሎ እናልፈዋለን። የስብ አሲድ ማለት የካርቦን ሰንሰለት ነው። በምግባችን በብዛት ያሉት 16 ወይም 18 ካርቦን አላቸው። ሰንሰለቱ ላይ ድርብ ትስስር ከሌለ ሳቹሬትድ እንለዋለን፤ መያዝ የሚችለውን ሃይድሮጅን ሁሉ ይዟል ማለት ነው። ድርብ ትስስር ካለ አንሳቹሬትድ ነው። በተፈጥሮ ዘይት ውስጥ ያለው ድርብ ትስስር ሰንሰለቱን ያጎብጠዋል። ቀጥ ያለ እንጨት ጥብቅ ብሎ ይታሰራል፤ ጠማማው ግን በመሃሉ ክፍተት ይተዋል። ሞራና ቅቤ የሚረጉት፣ የኑግ ዘይት ግን የማይረጋው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለት ስሞችን ብቻ ያዙልኝ። አንደኛው ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ ሁለት ድርብ ትስስር አለው፤ የኦሜጋ-6 ቤተሰብ ነው። ሁለተኛው አልፋ-ሊኖሌኒክ አሲድ ነው፤ ሦስት ድርብ ትስስር አለው፤ የኦሜጋ-3 ቤተሰብ ነው። ስማቸው ስለሚመሳሰል የመጀመሪያውን "የኑጉ"፣ ሁለተኛውን "የተልባው" እያልኩ እቀጥላለሁ። ምክንያት አለኝ። የኑግ ዘይት ከ100 እጅ 70 ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ሊኖሌይክ ነው። የተልባ ዘይት ደግሞ ከግማሽ በላይ አልፋ-ሊኖሌኒክ ነው። ኑግ የእኛው ደጋ ተወላጅ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙም ጉዊዞቲያ አቢሲኒካ ይባላል። ከነዚህ ጋር ፓልም ዘይትን አስተያዩት። ከ100 እጅ 44 ያህሉ ፓልሚቲክ የሚባል ሳቹሬትድ አሲድ ነው፤ 40 ያህሉ አንድ ድርብ ትስስር ያለው ኦሌይክ ነው፤ የኑጉ አሲድ 10 ያህል ብቻ ነው።

አሁን ወደ አይጦቹ እንሂድ። እስከ 1920ዎቹ መጨረሻ ድረስ ብዙ ሳይንቲስቶች ስብ ጉልበት ብቻ ነው ብለው ያስቡ ነበር። አካል ከስኳር ስብ መሥራት ከቻለ ምግብ ውስጥ ስብ ለምን ያስፈልጋል? በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ጆርጅ በርና ባለቤቱ ሚልድረድ በር አይጦችን ምንም ስብ የሌለው ምግብ መገቡ። በጣም የተጣራ ፕሮቲን፣ ስኳር፣ ማዕድንና ቫይታሚን ነበር። አይጦቹ መጀመሪያ ደህና ነበሩ። ከዚያ እድገታቸው ቆመ። ጅራታቸው ቅርፊት አወጣ። ኩላሊታቸው ተጎዳ። ውሃ እየጠጡ ውሃ ከቆዳቸው ያመልጥ ነበር። ብዙዎቹ ያለ ጊዜያቸው ሞቱ። ጥቂት ስብ ሲጨመርላቸው ግን አገገሙ። ይህ በ1929 ታተመ። በ1930 ደግሞ ፈዋሹ የኑጉ አሲድ እንደሆነ ለይተው አሳወቁ። አካል ራሱ ሊሠራው የማይችል፣ ከምግብ የግድ ማግኘት ያለበት ስብ አለ ማለት ነው።

ይህ ሙከራ ለኔ ከሁሉም የሚበልጥ ነው። ሁለቱ ሰዎች ከጊዜያቸው አስተሳሰብ ጋር ነው የተጋፈጡት። ብዙ ሰው አላመናቸውም። ከሥራ ባልደረቦቻቸው አንዱ በራሱ ላይ ሞከረው፤ 6 ወር ያህል ስብ የሌለው ምግብ በላ። ውጤቱ በ1938 ወጣ። ቆዳው እንደ አይጦቹ አልተላጠም። ደሙ ውስጥ ያለው አንሳቹሬትድ የስብ አሲድ ግን ቀነሰ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። አንድ ዓይነት ምግብ፣ ሁለት ዓይነት እንስሳ። አንዱ ላይ በሽታ ሆኖ ታየ፤ ሌላው ላይ በደም ምርመራ ብቻ ነበር የታየው። የሰውዬው ሰውነት ለዓመታት ያጠራቀመው ስብ ነበረው። ገና ጡት የጣለ የአይጥ ግልገል ምንም ስንቅ የለውም።

ደሙ ራሱ ረሃቡን የሚናገርበት መንገድ አለ። የኑጉና የተልባው አሲድ ሁለቱም ሲጠፉ ጉበት ሥራ አይፈታም። ያለውን ኦሌይክ አሲድ ወስዶ ያራዝመዋል፤ ድርብ ትስስር ይጨምርበታል። ሦስት ድርብ ትስስር ያለው ምትክ ይሠራል፤ ሚድ አሲድ ይባላል። ጤነኛ እንስሳ ደም ውስጥ በጣም ጥቂት ነው። ራልፍ ሆልማን የሚባል ተመራማሪ ይህን ምትክ ከትክክለኛው፣ ጉበት ከኑጉ አሲድ ከሚሠራው፣ አራት ድርብ ትስስር ካለው አራኪዶኒክ አሲድ ጋር አነጻጸረ። በ1960 ንጽጽሩ ከ0.4 በላይ ከሆነ እንስሳው አስፈላጊ ስብ አጥሮታል አለ። ጅራቱ ቅርፊት እስኪያወጣ መጠበቅ ቀረ።

ይህ ሁሉ የተፋጠነው በመሣሪያ ነው። በ1952 አንቶኒ ጄምስና አርቸር ማርቲን ጋዝ ክሮማቶግራፊን፣ ቅይጥን በጋዝ እየነዱ የሚለዩበትን ዘዴ፣ አሳወቁ፤ መጀመሪያ የለዩበትም የስብ አሲዶችን ነበር። ከዚያ በኋላ በአንድ ጠብታ ደም ውስጥ ያሉትን የስብ አሲዶች አንድ በአንድ መለየት ተቻለ።

ግን "ደም ውስጥ" ስንል የቱ ጋ? ተማሪዎች እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ስብ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ደም ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። ስለዚህ ስብ ብቻውን አይጓዝም። ከምግብ በኋላ ካይሎማይክሮን በሚባሉ ትንንሽ ጠብታዎች ተጠቅልሎ ይጓዛል። ቅባት የበላ ውሻ ደሙ ቢቀዳ ፈሳሹ ወተት መስሎ የሚታየው ለዚህ ነው። ይህ የዛሬውን ምሳ ነው የሚነግረን፤ በሰዓታት ውስጥ ይጠራል። ሁለተኛው ጉበት አሽጎ የሚልከው ነው፤ ተራው ስብ (ትራይግሊሰራይድ)፣ እንዲሁም ፎስፎሊፒድና ኮሌስትሮል ኤስተር የሚባሉ የስብ አሲድ የተያያዘባቸው ውሁዶች አሉበት፤ እሱ የቀናትና የሳምንታት ታሪክ ይነግረናል። ሦስተኛው በቀይ የደም ሕዋስ ሽፋን ውስጥ ያለው ነው። የአይጥ ቀይ ሕዋስ 2 ወር ገደማ ይኖራል፤ የሰው 4 ወር ገደማ። ያ የረጅም ጊዜ መዝገብ ነው።

አራተኛው አልቡሚን የሚባለውን ፕሮቲን ይዞ የሚሄደው ነፃ የስብ አሲድ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ይለዋወጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በዚህኛው ነው። ነፃው የስብ አሲድ በተለይ ሆድ ባዶ ሲሆን የሚመጣው ከእንስሳው ከራሱ ስብ ነው።

የወተት ላም ያላችሁ ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ፤ ስሙን ባትጠሩትም አይታችሁታል። ላም ስትወልድ ወተቷ ቶሎ ይጨምራል፤ የምትበላው ግን በዚያ ፍጥነት አይጨምርም። ጉድለቱን ለመሙላት ሞራዋን ታቀልጣለች። ነፃው የስብ አሲድ ደሟ ውስጥ ይወጣል። ጉበቷ የሚችለውን ያቃጥላል፤ ከአቅሙ በላይ የሆነው እዚያው ጉበት ላይ ይከማቻል፤ ከፊሉም ወደ ኬቶን ይለወጣል። ላሟ መኖ ትጠላለች፤ ትከሳለች፤ ወተቷ ይወርዳል። በጣም ወፍራ የወለደች ላም ደግሞ ይብስባታል። እንዲህ ያለችውን ላም ደም አይታችሁ "መኖው ቅባት በዝቶበታል" ብትሉ ትሳሳታላችሁ። ደሟ ውስጥ ያለው ስብ የራሷ ነው። የሚያስፈልጋት የሚጥማት ጥሩ ድርቆሽና ጉልበት ያለው መኖ ነው፤ ያውም ከመውለዷ በፊት ሳትወፍር።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ።

አንድ ጨጓራ ብቻ ያላቸው እንስሳት፣ እንደ ዶሮ፣ አሳማ፣ አይጥ፣ ዓሣ ያሉት፣ የበሉትን ስብ ብዙም ሳይለውጡት ነው ወደ ደማቸው የሚያስገቡት። አሜሪካኖች ይህን በገበያ ነው ያወቁት። ኦቾሎኒ ማሳ ላይ የተለቀቀ አሳማ ሲታረድ ስቡ ልፍስፍስ ብሎ ዘይት ያንጠባጥብ ነበር፤ ገዢ ያጣ ነበር። ኤሊስና ኢዝቤል የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1926 ምክንያቱን አሳዩ። የኦቾሎኒው ዘይት እንዳለ አሳማው ስብ ውስጥ ገብቶ ነበር። ዛሬ በኩሬና በባሕር የሚረባ ሳልሞንም እንደዚሁ ነው። የዓሣ ዘይቱን በእህል ዘይት ስትተኩለት የሥጋው ኦሜጋ-3 ይወርዳል።

ዶሮ ከነዚህ ሁሉ ግልጽ ነች። በእኛ አካል ስብ ከአንጀት ተነስቶ በሊምፍ መሥመር ዞሮ ነው ደም የሚገባው። ዶሮ ላይ ግን በቀጥታ ወደ ጉበት ይሄዳል። ጉበቷ የአስኳሉን ስብ ሠርቶ በደም ይልከዋል። አስኳል በፍጥነት የሚሞላው ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ መኖዋን ከቀየራችሁ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይታችሁ እንቁላሏን ብትመረምሩ ለውጡን ታገኙታላችሁ። ተልባ ስትመገብ የተልባው አሲድ አስኳሉ ውስጥ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ጉበቷ ከፊሉን አራዝሞ ዲኤችኤ የሚባለውን፣ ለአንጎልና ለዓይን የሚጠቅመውን ረጅም ኦሜጋ-3 ይሠራል። እሱም ይጨምራል፤ ጭማሪው ግን መጠነኛ ነው።

ዶሮ አርቢዎች፣ ይህን ሰምታችሁ ነገ ተልባ በጆንያ እንዳትገዙ። ጥሬ ተልባ ቫይታሚን ቢ6ን የሚጻረር ንጥረ ነገር አለው፤ ጫጩት ላይ እድገት ይጎዳል። ሳያናይድ የሚያመነጭ ንጥረ ነገርም አለው፤ እሱን ሙቀት ይቀንሰዋል። መጠኑ ሲበዛ ደግሞ እንቁላሉ የዓሣ ሽታ ያመጣል። ከመኖው ከ100 እጅ 10 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ችግሩ ይበረታል። በጥቂቱ ጀምሩ፤ ለእንቁላል ጣዮች እንጂ ለጫጩት አትስጡ።

አሁን ላም። ላም፣ በግ፣ ፍየል የሚያመሰኩ እንስሳት ናቸው። የበሉት ሁሉ መጀመሪያ ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ይገባል። እዚያ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ባክቴሪያዎች ይጠብቁታል። ለነዚህ ባክቴሪያዎች አንሳቹሬትድ ስብ መርዝ ነው፤ ሽፋናቸውን ያፈርስባቸዋል። ስለዚህ ያመክኑታል። ድርብ ትስስሩን እየሰበሩ ሃይድሮጅን ይጨምሩበታል። የኑጉ አሲድ ከ100 እጅ 80 ያህሉ፣ የተልባው 90 ያህሉ እንዲህ ተለውጦ ያልፋል። የመጨረሻው ውጤት ስቴሪክ የሚባል ሳቹሬትድ አሲድ ነው። ላሟ የኑግ ፋጉሎ በላች፤ አንጀቷ የደረሰው ግን የሞራ ዓይነት ስብ ነው።

ፈረስም ባክቴሪያ አለው። የሱ ግን ያሉት በኋለኛው አንጀቱ ነው። ሣሩ መጀመሪያ ቀጭኑ አንጀት ይደርሳል፤ ስቡ እዚያ ተመጥጦ ደም ይገባል። ባክቴሪያዎቹ ጋ የሚደርሰው ከዚያ የተረፈው ነው። ልዩነቱ በሙሉ የቅደም ተከተል ነው።

ጥጃም ማረጋገጫ ይሆነናል። እንቦሳ ጡት ሲጠባ ወተቱ ትልቁ ጨጓራ ውስጥ አይገባም። ሲጠባ የሚዘጋ አንድ ቦይ አለ፤ ወተቱን በቀጥታ ወደ እውነተኛው ሆድ ያሳልፈዋል። ስለዚህ የጥጃ ደም የጠባውን ስብ ያሳያል፤ በዚህ ረገድ ከአሳማ አይለይም። ሣር መጋጥና ማመስኳት ሲጀምር ግን ደሙ የላም ደም እየሆነ ይሄዳል። ያው እንስሳ፣ በሁለት ወቅት ሁለት ዓይነት ሆነ።

ላሟ ግን ከባክቴሪያዎቹ ያመለጠላትን ጥቂት የኑጉን አሲድ እንዴት እንደምትይዘው ልንገራችሁ። እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ለጉልበት አታቃጥለውም ማለት ይቻላል። ደሟ ውስጥ ወዳለው ኮሌስትሮል ኤስተርና ፎስፎሊፒድ ታስገባዋለች። የላም ኮሌስትሮል ኤስተር ቢመረመር ከግማሽ የሚበልጠው የኑጉ አሲድ ሆኖ ይገኛል። ጡቷ ደግሞ ስብ የሚወስደው በዋናነት ከሌላው ክፍል፣ ከትራይግሊሰራይዱ ነው። ስለዚህ ያ የተቆጠበው አሲድ ወተት ውስጥ ብዙ አይገባም። ደሟ ውስጥ ሞልቶ ወተቷ ውስጥ የጠፋው ለዚህ ነው። አንድ ተመራማሪ የላምን አጠቃላይ ደም መርምሮ "ወተቱም እንዲህ ነው" ቢል ይሳሳታል።

የወተቱ ስብ ግማሽ ያህሉ እንዲያውም ከበላችው ስብ አይመጣም። ጡቷ ራሱ ይሠራዋል። ጥሬ ዕቃው ገለባና ድርቆሽ ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ሲብላላ የሚወጣው አሴቴት ነው። አጫጭሮቹ የቅቤ አሲዶች ከዚህ ነው የሚመጡት። ከአንጀት የደረሰውን ስቴሪክ ደግሞ ጡቷ አንድ ድርብ ትስስር ጨምሮበት ኦሌይክ ያደርገዋል። ይህ ባይሆን ቅቤ አሁን ካለው በላይ ድርቅ ይል ነበር።

ባክቴሪያዎቹ ሥራቸውን ሁልጊዜ አይጨርሱም። መሃል ላይ የሚቀሩ አሲዶች አሉ። አንዱ ቫክሴኒክ አሲድ ነው። ጡቷ እሱን ወስዶ ሲኤልኤ ከሚባሉት አሲዶች አንዱን ይሠራል። ለምለም ሣር የጋጠች ላም ወተት ውስጥ ይበዛል። በክረምት ቅቤው ቢጫ የሚሆነው በሣሩ ካሮቲን ነው፤ ስቡም አብሮ ይለወጣል።

ሌላው የመሃል አሲድ ግን ለአርቢው ጠላት ነው። ድርቆሽና ገለባ ሲያንስ፣ እህልና ዘይት ያለው መኖ ሲበዛ ትልቁ ጨጓራ አሲዳማ ይሆናል፤ ባክቴሪያዎቹ መንገድ ይቀይራሉ። ትራንስ-10 ሲስ-12 የሚባል ሲኤልኤ ይወጣል። ይህ አሲድ ጡቷ ስብ እንዳይሠራ ያዘዋል። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የዴል ባውማን ቡድን በ2000 ባወጣው ጥናት በቀን 10 ግራም ብቻ ትልቁን ጨጓራ አልፎ ሲሰጥ የወተቱ ቅባት በ40 በመቶ ገደማ ወረደ። 10 ግራም! ወተቱ በሊትር አልቀነሰም፤ ቅባቱ ነው የጠፋው። "ወተቱ ደህና ነው፣ ቅቤ ግን አይወጣውም" ስትሉ መጀመሪያ ገለባውንና ድርቆሹን ተመልከቱ። የላም ጠቅላላ መኖ ውሃው ወጥቶ ሲመዘን ቅባቱ ከ100 እጅ ከ6 እስከ 7 ባይበልጥ ይመረጣል። በመጭመቂያ የወጣ የኑግ ፋጉሎ ዘይት ይቀርበታል፤ እሱንም ቁጠሩት።

ባክቴሪያዎቹን ለማለፍ የተሞከረ አለ። አውስትራሊያ ውስጥ በ1970 አካባቢ ዘይትን በፎርማሊን በታከመ የወተት ፕሮቲን ሸፈኑት። ሽፋኑ በትልቁ ጨጓራ አይፈርስም፤ በኋላ ባለው አሲድ ይፈርሳል። የላሟ ደምም፣ ወተትም፣ ሥጋም በኑጉ አሲድ ተሞላ። ሐሳቡ ልክ እንደነበር ደሙ መሰከረ። ችግሩ ወተቱ ቶሎ መጥፎ ጣዕም ማምጣቱ ነበር፤ አንሳቹሬትድ ስብ በአየር ቶሎ ይበላሻል። ዛሬ ለወተት ላም የሚሸጠው "የሚያልፍ" ቅባት አብዛኛው ከፓልም የተሠራ የካልሲየም ሳሙና ነው። ጉልበት ይሰጣል፤ ወደ ደሟ የሚገባው ግን በአብዛኛው ፓልሚቲክና ኦሌይክ ነው።

ድመትን በአጭሩ። እኛ የኑጉን አሲድ በልተን ጉበታችን አራኪዶኒክ አሲድ ይሠራልናል። በ1975 ሪቨርስ፣ ሲንክሌርና ክሮፎርድ ድመት ይህን እንደማትችል አሳወቁ። ኢንዛይሟ በጣም ደካማ ነው። ድመትን የእህል ዘይት ብቻ ብትመግቧት ደሟ በኑጉ አሲድ ይሞላል፤ አራኪዶኒኩ ግን ይወርዳል። ሴቷ ድመት መውለድ ትቸገራለች። ሥጋ የግድ ያስፈልጋታል።

ጥንቸል ደግሞ ዓለምን አነጋግራለች። በ1913 ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ኒኮላይ አኒችኮቭና ሴምዮን ቻላቶቭ የተጣራ ኮሌስትሮል በሱፍ አበባ ዘይት አሟምተው ለጥንቸሎች ሰጡ። ደማቸው በኮሌስትሮል ሞላ፤ የደም ሥራቸው ውስጥ ስብ ተለጠፈ። ዘይቱን ብቻ የበሉት ጥንቸሎች ያ አልደረሰባቸውም። ትልቅ ግኝት ነበር፤ የልብ በሽታ ምርምር በር ተከፈተ። አይጥና ውሻ ላይ ሲደገም ግን በቀላሉ አልሠራም። ጥንቸል ሣር በል ናት፤ በተፈጥሮዋ ኮሌስትሮል አትበላም፤ ሲመጣባት የምታስወግድበት አቅም ትንሽ ነው። አይጥ ወደ ሐሞት አሲድ እየለወጠ በፍጥነት ያስወግዳል። በዚያ ላይ አይጥ በሰው ደም ውስጥ ኮሌስትሮልን ከአንዱ ተሸካሚ ወደ ሌላው የሚያዛውረው ፕሮቲን የላትም። ስለዚህ ስለ ኮሌስትሮል ከጥንቸል ብቻ ብትማሩ ትፈራላችሁ፤ ከአይጥ ብቻ ብትማሩ ትዘናጋላችሁ።

ዛሬ በጋዜጣ የምታዩት "ቅባት የበዛበት ምግብ" አብዛኛውን ጊዜ ለትንንሽ የቤተ ሙከራ አይጦች የተዘጋጀ መኖ ነው። በጣም የተለመደው ከጉልበቱ 60 በመቶው ከስብ፣ በአብዛኛው ከአሳማ ስብ የሚመጣ ነው። ሰው እንዲህ አይበላም። ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚነጻጸረው ከተራ የእህል መኖ ጋር ነው። ሁለቱ በስብ ብቻ አይለያዩም፤ በቃጫም፣ በስኳርም፣ በፕሮቲን ምንጭም ይለያያሉ። ደሙ ላይ የታየውን ለውጥ በስቡ ብቻ ማሳበብ አይቻልም። ተማሪዎች፣ ሙከራ ስትነድፉ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ስቡን ስትቀይሩ የስቡን መጠን አትቀይሩ።

ስለ ሰው የምትጠይቁኝ ስላላችሁ አስቀድሜ ልመልስ። በዚህ ጉዳይ አይጥ አያስፈልገንም፤ በሰው ላይ በቁጥጥር የተደረጉ የምግብ ሙከራዎች አሉ። ፓልሚቲክ የበዛበት ስብ፣ ፓልምም ይሁን ቅቤ፣ በኑጉ ዓይነት ዘይት ሲተካ በደም ውስጥ ያለው ኤልዲኤል ኮሌስትሮል፣ "መጥፎው" የሚባለው፣ ይወርዳል። ስቴሪክ ደግሞ ሳቹሬትድ ሆኖ ሳለ ኮሌስትሮልን እንደ ፓልሚቲክ አይጨምርም። አገራችን ከውጭ የምታስገባው ዘይት አብዛኛው ፓልም ነው። ኑግ ውድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማንም ሰው በኪሱ አቅም ሊወቀስ አይገባም። የሚችል ግን በጾሙም በፍስኩም ኑጉን ባይተው ደስ ይለኛል። ተልባውንም አብሮ። የኑጉና የተልባው አሲድ ጉበት ውስጥ አንድ ኢንዛይም ይሻማሉ፤ የኑጉ ብቻ ከበዛ የተልባው ወደ ረጅሙ ኦሜጋ-3 የሚለወጠው ያንሳል።

የመጨረሻው ነገር ደም ለምትቀዱት ነው። እንስሳው መቼ እንደበላ ጻፉ፤ ሰዓቱ የሌለው ናሙና ነፃ የስብ አሲድን በሚመለከት ምንም አይነግርም። ሁሉንም እንስሳት በአንድ ሰዓት ቅዱ። ሲቀዳ የተረበሸና የተሯሯጠ እንስሳ ነፃ የስብ አሲዱ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚወጣ እርጋታ ይኑራችሁ። ቱቦውን ወዲያው በረዶ ላይ አኑሩ፤ በማሽን አሽከርክራችሁ ፈሳሹን ለዩ፤ በጥልቅ ቅዝቃዜ አስቀምጡ። ፈሳሹን ከወሰዳችሁ በኋላ ታች የቀረውን ቀይ ሕዋስ ብዙ ሰው ያፈሰዋል። አታፍሱት። እጠቡት፣ ስም ጻፉበት፣ አስቀምጡት። እንስሳው ላለፉት ሳምንታት ምን ሲበላ እንደቆየ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ። ከወተት አርቢዎቹ እንጀምር።